የንግሥቲቱ እርሾ እና የአመድ ባሕር

በነፋስ ወር መግቢያ፣ ጉድብ የተባለው ተራራ ቀይ ጭስ በተፋ ማግስት፣ በአዝሎ መንግሥት መናገሻ በመንበራ አዳራሽ የተገኙት እነዚህ ነበሩ፤ በዙፋኑ ላይ ንግሥት አመተ ብርሃን፣ በቀኛቸው የፍሙ ጠባቂ አባ ሶምሶን፣ በግራቸው የሲራራ ነጋዴዎች አለቃ ነጋድራስ ጎንጤ፣ በበሩ አጠገብ ደግሞ ከየመንደሩ የተጠሩ የትንንሽ የሥራ ግቢ ባለሙያዎች። ከባለሙያዎቹ መካከል ወጣቱ አንጥረኛ ዋዜን፣ ሰፌድ ሰፊዋ ትርሲትና በቅሎ ነጂ የነበሩት ጋሽ ልመንህ ጎን ለጎን ቆመው ነበር።

ያን ዕለት አርፎ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ወለሉ ከሥር ይንቀጠቀጣል፤ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ጋሻዎች እርስ በርሳቸው ይንኳኳሉ፤ ውጭ የታሰሩት በቅሎዎች ገብስ ቀርቦላቸው አልበላ ብለዋል። ንግሥቲቱ ራሳቸው ደጋግመው እየተነሡ ወደ መስኮቱ ይሄዱና ይመለሱ ነበር። ከመስኮቱ ማዶ የአመድ ባሕር ተዘርግቷል፤ ከአመዱ ማዶ ጉድብ፣ ከጉድብ ግርጌ ደግሞ የቀርሳ ከተማ ይታያል።

የአመድ ባሕር ውኃ የለበትም። የጥንት ተራሮች የተፉት ደቃቅ አመድ ሜዳውን ሞልቶት እንደ ማዕበል ይናወጣል። ከሥሩ ዋጦ የሚባል አውሬ ይዋኛል፤ ዓይን የለውም፤ የሚንቀሳቀሰውን ይተዋል፣ የቆመውን ይውጣል። በዚህ ባሕር ላይ ለዘመናት ሰውና ዕቃ ያሻገሩት ዘንቦራ የሚባሉ ሰፊ ኮቴ ያላቸው የጭነት እንስሳት ነበሩ። የመጨረሻው ዘንቦራ ግን በክረምቱ ሞተ። በቅሎ ቢሞከር እስከ ሆዱ ሰመጠ። ከቀርሳ እግሩ የጸና ሁሉ ከቅርፊት የተሠራ ሰፊ ጫማ አድርጎ፣ ሳይቆም እየሮጠ ወጥቷል። መራመድ የማይችሉት ቀርተዋል። ከቀሩት አንዷ ዳሌያቸው የተሰበረው የዋዜን እናት፣ እማማ ደብሪቱ ነበሩ።

ንግሥቲቱ ከመስኮቱ ዞር ብለው ተናገሩ። «የአዝሎ ሰዎች፣ አድምጡኝ። ትልልቆቹ ነጋዴዎቻችን ያለው መንገድ ይበቃናል ሲሉ ኖሩ፤ እኔም አምኛቸው ኖርሁ። ዛሬ አልበቃንም። ስለዚህ ከዙፋኔ ምድጃ ፍም ቆርሼ ለትንንሾቹ ግቢዎች እሰጣለሁ። ብድር አይደለም፤ መልሱልኝ አልልም። ሰው ያልሞከረውን መጓጓዣ ለሚሞክር እርሾ ይሁነው። ነገር ግን እርሾ ብቻውን ዳቦ አይሆንም። ዱቄቱ ከእናንተ ነው።»

አባ ሶምሶን የፍሙን ሕግ አስረዱ። ፍሙ ከሚሠራው ሥራ ግማሹን ኃይል ራሱ ይሰጣል፤ ግማሹን መሐላ ከፈጸመው ሰው ይወስዳል። በደህናው ጊዜ የሚወስደው ላብና ትንፋሽ ነው፤ ሰውየው ሲያርፍ ይመለስለታል። ፍሙ ከጠፋ በኋላ ዳግመኛ የሚነድደው ግን ያው ሰው ከገላው ሲሰጠው ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ የወሰደውን አይመልስም። «ሌላም ሕግ አለ» አሉ። «ቢሳካላችሁም ባይሳካላችሁም እዚህ አዳራሽ ተመልሳችሁ የሆነውን ሁሉ ትናገራላችሁ። የወደቀ አይቀጣም። ውድቀቱን የደበቀ ግን ከሚከተለው ሰው ላይ ሰርቋል።»

ብዙዎቹ ባለሙያዎች ወደ መሬት አዩ። ዋዜን ወደ ፊት ራመድ አለ። ከትርሲት ጋር የሠሩት ሠረገላ ውጭ ቆሞ ነበር፤ መንኮራኩሮቹ እንደ በር የሰፉ፣ ትርሲት ከቀርከሃ የሰፋቻቸው፣ ዋዜን በቀጭን ብረት ያሰራቸው ናቸው።

ነጋድራስ ጎንጤ በመስኮት አይተውት ሳቁ። «ይህ እኮ የእህል ማበጠሪያ ነው። ንግሥት ሆይ፣ የዙፋንዎን ፍም ለሰፌድ ሊሰጡ ነው?»

«ጌታዬ» አሉ ጋሽ ልመንህ እጅ ነሥተው፣ «የእርስዎ በቅሎዎች አመዱ ውስጥ ገብተው ጆሯቸው ብቻ ሲታይ አይቻለሁ። ጆሮ ይዞ መሻገር አይቻልም። ሰፌድ ግን ቢያንስ አይሰምጥም።»

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ ወለሉ እንደገና ሲንቀጠቀጥ ግን ወዲያው ተቋረጠ። ዋዜን ቀኝ እጁን በፍሙ ማሰሮ ላይ ዘረጋ። «እኔ የቀርሳው ዋዜን፣ በተወለድሁበት አፈርና በወለደችኝ እናት እምላለሁ። ፍሙን ለመንገድ እንጂ ለሌላ አላውለውም። የሚጠይቀኝን እሰጠዋለሁ። የሆነውን እንደሆነ እናገራለሁ።» አባ ሶምሶን ጡጫ የሚያህል ፍም እንደ ፋኖስ በተሠራ የብረት ጎጆ ውስጥ አድርገው ሰጡት። ቀይና ሕያው ነበር፤ እንደ ልብ ይመታል።

ስሕተቱ የተሠራው ከመነሣታቸው በፊት ነው።

በአዝሎ አገር በባዶ እጅ ሰው ቤት መግባት ነውር ነው። ባዶ አጋሰስ መንዳት ደግሞ ከነውርም ይብሳል፤ ሞት ይጠራል ይባላል። ዋዜን ከቀርሳ የወጣው ከዓመታት በፊት፣ እናቱን ሳይሰናበት ነበር። እግሩ አንድ ቦታ አይረጋም ነበርና አንድ ማለዳ ተነሥቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ዓይናቸውን አላየም። አሁን በሠረገላው ላይ አሞሌ ጨው ደረደረ፤ በላዩ ጥጥ ጋቢዎች፣ በጋቢዎቹ ላይ የማር እንስራዎች ጫነ።

ትርሲት ገመድ ይዛ ቆማ አየችው። «ዋዜን፣ ሰዎቹ እኮ ቤታቸውን ጥለው ሊወጡ ነው። ጨው ምን ያደርግላቸዋል?»

«ባዶ እጄን እናቴ ፊት አልቆምም።»

«ፍሙስ? ይህን ሁሉ ሲጎትት...»

«ፍሙ ብርቱ ነው። አየሽው አይደል?»

ትርሲት ወደ ጋሽ ልመንህ ዞረች። ጋሽ ልመንህ ጺማቸውን አሻሹ። «እኔ ዕድሜ ልኬን ባዶ በቅሎ ነድቼ አላውቅም፣ ልጄ። እጄ እሺ አይለኝም» አሉና የመጨረሻውን እንስራ ራሳቸው አነሡ። ትርሲትም ገመዱን አጠበቀች።

ፀሐይ ስትወጣ ወደ አመዱ ገቡ። በፍሙ ኃይል የሚዞሩት ሰፋፊ መንኮራኩሮች ሳይሰምጡ አመዱን እየዳበሱ ተንከባለሉ። በላያቸው ሰማዩ እንደ መዳብ ቀልቷል፤ ከፊታቸው የጉድብ ጭስ ነፋሱ በዞረ ቁጥር መልኩን ይለውጣል። አንዳንዴ ከጎናቸው አመዱ እንደ ጀርባ ያብጥና መልሶ ይሰጥማል። ጋሽ ልመንህ ያን ጊዜ ጣታቸውን ወደ ፊት ይቀስራሉ። ዋዜን ላቡ በአገጩ ይወርዳል። መቆም ስለማይቻል በየተራ እየሄዱ በሉ፤ ውኃም እየሄዱ ጠጡ። ጭነቱ ከባድ ነበርና ፍሙ ሳያቋርጥ ይጮኽ ነበር። ቀርሳ ሲደርሱ ቀይነቱ ደብዝዞ ጠርዙ ዳለቻ ሆኗል። ዋዜን አየው፤ ፊቱንም አዞረ።

የቀርሳ መንገዶች ጭር ብለዋል። መራመድ የማይችሉት ሰዎች በከተማይቱ አደባባይ ተሰብስበው ይጠብቁ ነበር፤ ሽማግሌዎች፣ ወገባቸው የተያዘ፣ መውለጃዋ የደረሰ አንዲት ሴት፣ በመካከላቸውም በአልጋ ላይ የተደገፉት እማማ ደብሪቱ። ዋዜን ጨውን፣ ጋቢውንና ማሩን አውርዶ በፊታቸው ደረደረና ዝቅ ብሎ የእናቱን ጉልበት ሳመ።

እማማ ደብሪቱ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጨውን አዩት። «ይህን ሁሉ ለማን አመጣኸው?»

«ለቤቱ ሁሉ፣ እማዬ። ባዶ እጄን እንዳልመጣ ብዬ።»

«ልጄ፣ ጨውህን ተራራው ይልሰዋል። እኔን ልትጭን ነው የመጣኸው ወይስ ልታጎርስ?»

አንድ ሽማግሌ በምርኩዙ እንስራውን ነካ ነካ አደረገና «ማሩን እንኳ እንቅመሰው፤ ተራራው ጥርስ የለውም» አለ። የሳቁት ጥቂቶች ነበሩ። ሁሉም ተረዳድተው ሠረገላው ላይ ወጡ። ጨው፣ ጋቢውና ማሩ አደባባዩ ላይ ቀሩ።

በመመለሻው ጉዞ ጉድብ ከኋላቸው ያጓራ ጀመር። ትኩስ ጠጠር በአመዱ ላይ ይዘንባል። ሠረገላው ሰው እንደ ታጨቀበት በመጀመሪያ በደህና ሄደ፤ ከዚያ ዘገመ፤ የመንበራ ግንብ በሩቁ መታየት ሲጀምር ከጎጆው ውስጥ ስንጥቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ፍሙ ጠቁሮ ነበር። መንኮራኩሮቹ ቆሙ።

አመዱ በቀኝ በኩል አበጠ።

«እንዳትቆሙ» አሉ ጋሽ ልመንህ በዝቅተኛ ድምፅ። «መሄድ ባንችል እንወዛወዝ።»

እማማ ደብሪቱ ቀና አሉ። «ሰምታችኋል። ወገባችሁ ባይሠራ ትከሻችሁ ይሥራ። በሠርግ ቀን ማን ይቀድመን ነበር?» ብለው ትከሻቸውን አነቃነቁ። ሽማግሌዎቹም ተከተሏቸው፤ ሠረገላው በቆመበት እንደ ሕፃን አልጋ ይናጥ ጀመር። ያበጠው አመድ ዞር አለ፤ ሩቅ ሳይሄድ ዙሪያቸውን መክበብ ጀመረ። ለመውለድ የተቃረበችው ሴት ጥርሷን ነክሳ ትወዛወዛለች። ለረጅም ጊዜ ሊቀጥሉ እንደማይችሉ ሁሉም ያውቁት ነበር።

ጋሽ ልመንህ ወደ ዋዜን ቀረቡ። «የኔን ይውሰድ። ዕድሜዬን በልቻለሁ።»

«የማለው እኔ ነኝ፣ ጋሽ ልመንህ። ከእርስዎ አይቀበልም።»

ትርሲት የብረቱን ጎጆ ከፍታ ፍሙን በመዳፏ ይዛ ነበር፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። «ጨው ባንጭን ይበቃ ነበር» አለች። ወቀሳ አልነበረም፤ እንባዋ እየወረደ ነው ያለችው።

«ይበቃ ነበር» አለ ዋዜን እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ። «አምጪው።»

እማማ ደብሪቱ ሐሳቡ ገባቸው። «እግርህን እንዳይሆን» አሉ። «የኔን ውሰድ በለው። የኔ እግር ለማንም አይሆንም።»

«የማይሠራውን አይወስድም፣ እማዬ። ፍሙ አይታለልም።»

«አንተ እኮ ስትድህ እንኳ አንድ ቦታ አርፈህ አታውቅም። ምን ሆነህ ልትኖር ነው?»

ዋዜን በሠረገላው ጠርዝ ተቀመጠ፤ ፍሙን በሁለት ጉልበቶቹ መካከል አጥብቆ ያዘው። «የአዝሎ ፍም፣» አለ፣ «በመሐላዬ ጠርተህ እስክትጠይቀኝ አልጠበቅሁም። በዚህ እግር ከእናቴ ቤት ወጥቻለሁ፤ በዚህ እግር ብዙ አገር አይቻለሁ። ደኅና እግር ነው። ውሰደውና እነዚህን ሰዎች አግባልኝ።»

ፍሙ መጀመሪያ ነጭ ሆነ፤ ከዚያ ቀላ። ዋዜን አልጮኸም፤ ትርሲት ግን የጨበጠው የሠረገላው ጠርዝ እንጨት በእጁ ውስጥ ሲሰበር ሰማች። መንኮራኩሮቹ በድንገት ዞሩ። ዋጦው አፉን ከፍቶ ከአመዱ ሲወጣ የዋጠው ሠረገላው ቆሞበት የነበረውን ባዶ ስፍራ ነው። ከዚያ በኋላ ሠረገላው ከበቅሎ ግልቢያ ይልቅ ፈጠነ። ወደ መንበራ ዳርቻ ሲወጡ ጉድብ ከኋላቸው ተሰነጠቀ፤ የቀርሳ ማማዎች በእሳቱ ውስጥ ሲወድቁ ከግንቡ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ አዩ። ሴትየዋ እዚያው፣ በግንቡ ጥላ ሥር፣ ሴት ልጅ ወለደች።

ዋዜንን ወደ አዳራሹ ተሸክመው ያስገቡት ትርሲትና ጋሽ ልመንህ ናቸው። ወለሉ አሁንም አላረፈም ነበር። ንግሥቲቱ ከዙፋናቸው ወርደው በፊቱ ቆሙ፤ እሱ ግን የመሐላውን ሕግ ያዘ።

«ንግሥት ሆይ፣ የሆነውን ልናገር። የትርሲት መንኮራኩር ጸንቷል፤ የሚለወጥ የለውም። ፍሙ ይበቃን ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ባዶ ላለመሄድ ብዬ ጨውና ማር ጫንሁ፤ የመመለሻውን ኃይል በመሄጃው ጨረስሁት። ትርሲት ነግራኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። የሚከተለኝ ሰው ይህን ይወቅ።»

ነጋድራስ ጎንጤ ተነሡ። ድምፃቸው እንደ ትናንቱ አልነበረም። «እንግዲህ ባዶ ሂዱ ልትለን ነው? አባቶቻችን ያላደረጉትን?»

«አዎ፣ ጌታዬ። ባዶ ሂዱ። የተጨነቀ ሰው ከናንተ የሚፈልገው የሚቀመጥበት ቦታ ነው።»

ንግሥቲቱ አባ ሶምሶንን ተመለከቱ፤ አባ ሶምሶንም ወደ ምድጃው ሄዱ።

ሁለተኛው ፍም ለትርሲት ተሰጣት፤ እሷም በቀኝ እጇ ማለች። የቀርሳ ሰዎች በመንበራ ሰሜን በር መሬት ተሰጣቸው፤ እማማ ደብሪቱና ዋዜን እዚያ ቤት ሠሩ። ዋዜን ከዚያ ወዲህ አልተራመደም፤ ለትርሲት ሠረገላዎች ብረት የሚቀጠቅጠው ተቀምጦ ነው። በመከር ወቅት ነጋድራስ ጎንጤ በቅሎዎቻቸውን ሸጡና ነጂዎቻቸውን የመንኮራኩር ስፌት እንዲማሩ ወደ ትርሲት ግቢ ላኩ።