ፖም ማለት ደረጃ ነው

«ፖም» አሉ ሬጅ፣ ሐኪሟ የያዘችውን ሥዕል አይተው።

ሥዕሉ ላይ ያለው ደረጃ ነበር። ዶክተር ጊልክሪስት ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጫረች። ከአልጋው ግርጌ የተቀመጠችው የልጅ ልጃቸው ጆዲ ልቧ ድንግጥ አለ። እናቷ ከሥራ ወጥታ አውቶቡስ ላይ ናት፤ ገና አልደረሰችም። ትናንት፣ አያቷ ገበያ መሃል ወድቀው ሆስፒታል ከገቡ በኋላ፣ እናቷ በስልክ ስታወራ ሰምታለች፦ አእምሯቸው ደክሞ ከሆነ ከእንግዲህ ብቻቸውን ቤት አይገቡም፤ መጦሪያ ነው የሚወሰዱት።

ሁለተኛው ሥዕል ስልክ ነበር።

«ውሻ» አሉ ሬጅ እንደ ዋዛ።

«ዶክተር፣ አልተሳሳቱም እኮ» አለች ጆዲ። «የሰፈራችን አነጋገር ነው።»

ዶክተሯ የስኮትላንድ ልጅ ናት፤ ምሥራቅ ለንደን ከመጣች ገና ወር አልሞላትም። ጆዲ እየተንተባተበች አስረዳቻት። የሰፈሩ ሰዎች ደረጃን «ፖምና ፒር» ይሉታል፤ ፒር የተባለው ፍሬ ስም በእንግሊዝኛ ከደረጃ ጋር ቤት ይመታልና። ስልክ ደግሞ «ውሻና አጥንት» ነው፤ ቤት የሚመታው አጥንቱ ነው። ታዲያ ሰዉ ቤት መቺውን ይውጥና የፊተኛውን ብቻ ያወራል፤ ያልለመደ ጆሮ ውሻና ፖም ታቅፎ ይቀራል። ከየት እንደመጣ ስትጠየቅም ከአያቷ የሰማችውን ደገመች፦ ነጋዴዎች ደንበኛ ፊት ሲመካከሩ እንዳይሰማባቸው ያመጡት ነው የሚል አለ፤ ሌቦች ከፖሊስ ጆሮ ለመሸሽ ነው የሚልም አለ፤ እርግጡን የሚያውቅ የለም።

«እኔ የሌቦቹን ነው የምወደው» አሉ ሬጅ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንችና ሽንኩርት ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። «ሸክላዬ ባትኖር ዕብድ ብለሽ ልትጽፊኝ ነበር። ሸክላ ሳህን ጓደኛ ማለት ነው፤ ቤት የሚመታው ሳህኑ ነው፤ ከእኛ ጋር ከዋልሽ ትለምጂዋለሽ።»

ዶክተሯ ከልቧ ሳቀችና የጻፈችውን ሰረዘች። የጆዲ ትንፋሽ ተመለሰ።

ቀጣዩ ሥዕል መቀስ ነበር።

ሬጅ ትክ ብለው አዩት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን ቶሎ አልወጣም። «ድልድይ» አሉ በመጨረሻ።

ዶክተሯ ፈገግታዋ ከፊቷ ሳይጠፋ ወደ ጆዲ ዞረች። «ይሄስ ከምን ጋር ነው ቤት የሚመታው?»

ጆዲ አእምሮዋን አገላበጠች። ድልድይ። አያቷ የሚሉትን ሁሉ ታውቃለች፤ ድልድይ ብለው አያውቁም። ቀና ስትል ዓይናቸው ላይ ያየችው ነገር አጥንቷ ድረስ በረዳት። እሳቸውም አውቀውታል። በአንድ ጩኸት ገበያውን የሚያናውጡት ሰው ፈርተዋል።

«ንገሪያት እንጂ» አሏት በለሆሳስ።

መፍጠሩ ቀላል ነበር። ድልድይና የሆነ ነገር፤ ማን ያጣራል? ዶክተሯ እንደገና ትስቃለች፣ ትሰርዛለች፣ እሳቸውም ቤታቸው ይገባሉ። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን ባለፈው እሑድ ያየችው ድስት ድቅን አለባት፤ ውኃው አልቆ፣ ሥሩ ከስሎ፣ ኩሽናው በጭስ ታፍኖ፣ አያቷ ሳሎን ቁጭ ብለው ጋዜጣ ሲያነቡ። መስኮቱን ከፍታ፣ ድስቱን ፈትጋ፣ ለእናቷ እንኳ ሳትነግር ቀርታለች።

ከወንበሯ ተነሥታ አልጋው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች። እጃቸውን ያዘች።

«ይሄኛውን አላውቀውም፣ ዶክተር» አለች።

ሬጅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እጃቸውን ግን አልነጠቋትም። ጆዲ ጠበቅ አድርጋ ያዘችውና ስለ ድስቱ መናገር ጀመረች።