ኤረር በር ላይ የተሣለችው

እንደሻውን የተዋወቅሁት በሙጫ ጠብ ነው። ሰው በጥምቀት ሎሚ ተወራውሮ ይተዋወቃል፤ እኔ ግን ሐረር፣ ጊደር መጋላ ገበያ መሐል፣ ሁለት እፍኝ በማትሞላ የግራር ሙጫ ተጣልቼ። ዘመኑ ፲፱፻፲፰ ነበር። አባቴ አለቃ ተክለጻድቅ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው፤ ቀለማቸውን የምፈጭላቸው፣ ሙጫውን የማሟሟላቸው እኔ ነበርኩ።

«ሙጫው ተሽጧል፤» አሉኝ ነጋዴዋ እትዬ ጃሚላ፣ በአገጫቸው አንዱን ረዥም ጎረምሳ እያሳዩ።

«ምን ሊሠራበት? ጫማ ሊያጣብቅበት?»

«ካርታ ልሥልበት፤» አለ ጎረምሳው። «የሐረርጌን ካርታ በውሃ ቀለም ሣል ተብዬ ታዝዣለሁ። ሙጫ ካልገባበት ቀለሙ ወረቀት አይዝልኝም።»

«የኔ አባት መላእክት ይሥሉበታል። አንተ ዳገትና ቁልቁለት ልትሥልበት!»

እትዬ ጃሚላ ሳቁ። «ወላሂ፣ ከምትጣሉ ተካፈሉት! ለሁለታችሁም አላህ በረካ ያድርግላችሁ።»

ተካፈልነው። ይህን ሁሉ ቃል ስመላለስ ታዲያ ዓይኔ ከሚዛኑ ላይ አልተነሣም። ምላሴ እንጂ ዓይኔ ጨዋ ነው። ልጃገረድ ባዕድ ወንድን ፊት ለፊት አታይም ተብዬ ነው ያደግሁት።

በሳምንቱ እንደሻው ቤታችን መጣ። የአባቴን የእጅ ጽሑፍ ዝና ሰምቶ ኖሮ፣ የየአገሩን ስም ካርታው ላይ እንዲጽፉለት ለመናቸው። እሺ አሉት። ሦስት ወር በረንዳችን ላይ ሠራ። እሱ ይሥላል፣ አባቴ በቀይና በጥቁር ይጽፋሉ፣ እኔ ጥጌን ይዤ ቀለም እፈጫለሁ። ሶፊ የተባለው መንደር ላይ የጫት ማሳ ሣለ። የሐረርን ግንብ አምስት በሮች፣ ኤረር በርንም ጭምር፣ አንድ በአንድ አቆማቸው። አንድ ቀን፣ አባቴ በሌሉበት፣ የኤረር ወንዝ ቀለም ፈስሶ ተራራው ላይ ወጣበት።

«ውይ፣ አበላሸኸው!»

«የውሃ ቀለም እንዳባትሽ ቀለም አይደለም። ውሃ ያመጣውን ውሃ ይመልሰዋል፤» አለና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ ቢያደርገው ለቀቀ።

እኔ የማየው ጨርቁን ነው፤ እሱ የሚያየው እኔን። ወደድኩት። ምን ያስደብቀኛል?

«እሑድ ሽማግሌ ልልክ ነው፤» አለኝ አንድ ከሰዓት፣ አባቴ ወደ ውስጥ ሲገቡ። «ምን ትያለሽ?»

«ሽማግሌ መላክ ማን ከለከለህ፤» አልኩት እንዳቀረቀርኩ። ጆሮዬ ግን ነደደ።

ዓርብ ካርታው አለቀ። «አለቃ፣ ይዩልኝ፤» ብሎ መሸፈኛውን ገለጠው። ኤረር በር ላይ አንዲት ሴት የቀለም መፍጫ ድንጋይ ታቅፋ ቆማለች። እኔ ነኝ! ሹሩባዬ ሳይቀር። አባቴ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ፊታቸው ጠቆረ።

«አንድ ዓይን!» አሉ።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ሰይጣንና ይሁዳ ናቸው። አባቴ አርባ ዓመት የሣሉት እንዲህ ነው። እንደሻው ግን ሥዕል የተማረው ፈረንጅ ዘንድ ነው፤ ይህን ከየት ያውቀዋል?

«ልጄን ከይሁዳ ጋር ቆጠርካት! ያውም እኔ በጻፍኩበት ወረቀት! ስለ ሽማግሌውም ሰምቻለሁ። ደጄን እንዳይረግጡ!»

እንደሻው አመዱ ቡን አለ። «አለቃ፣ ጥፋቱ እኮ የእርስዎ ነው፤» አላቸው።

«የኔ?»

«ሦስት ወር በረንዳዎ ላይ ተቀመጥኩ። ልጅዎ አንድ ቀን ፊቷን ወደኔ አዙራ አታውቅም። እንዲህ አድርገው አሳድገዋት ሌላውን ዓይኗን ከየት ላምጣው? ያላየሁትን ሥዬ ልዋሽ?»

«ብትዋሽ ይሻልህ ነበር፤» አሉ አባቴ። «ቀለም አንዴ ከደረቀ ደረቀ። በል ጠቅልለህ ሂድ።»

ዝም ካልኩ እሑድ የለም፣ እንደሻውም የለም። ተነሣሁ። ጨርቅ ውሃ ውስጥ ነከርኩና የገዛ ፊቴን ጠቅ ጠቅ አደረግሁት። አፍንጫዬ ሄደ፣ ግንባሬ ሄደ፣ ያቺ ጦሰኛ ዓይንም ሄደች። ወረቀቱ ላይ ፈዛዛ ጥላ ብቻ ቀረ።

«ወይ ጉድ! ይለቃል እንዴ?» አሉ አባቴ።

«ይለቃል አባባ። እርስዎ እዚሁ ቁጭ ብለው፣ ፊት ለፊት አይቶ ይሣለኝ። ሁለት ዓይን ካወጣልኝ ሽማግሌዎቹን ይቀበሏቸው። ካላወጣልኝ ያባሯቸው።»

አባቴ አተኩረው አዩኝ። ከዚያ ዳዊታቸውን አንሥተው መካከላችን ተቀመጡ። «ዓይን መጨረሻ ነው የሚሣለው፤ እንዳትቸኩል፤» አሉት።

ፊቴን ወደ እንደሻው አዞርኩ። ቅንድቡ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለው ለካ! ሦስት ወር አንድ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አላየሁትም። እሱም እኔን ሲያይ ብሩሹ እጁ ላይ ደረቀ፤ መልሶ ነከረው።

ፀሐዩ ከበረንዳው ወርዶ ግቢው መሐል ደረሰ። አባቴ ዳዊታቸውን አንድ ገጽ አልገለጡም።

«ጨረስክ?» አሉት።

«ገና ነኝ አለቃ።»

ወረቀቱን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ሁለቱም ዓይኖቼ ተሥለው፣ ደርቀውም ነበር። ትንፍሽ አላልኩም።

አባቴም አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩ። ዳዊታቸውን ዘጉና ተነሡ።

«እንግዲያው የቀረውን ከሠርጉ በኋላ ትጨርሰዋለህ፤» አሉት።