ቫርኒሽ የማይዘው በር

ናፊያ የቫርኒሹን ቆርቆሮ ክዳን በካቻቪቴ ፈልቅቃ ስትከፍት ዋፊቃ ቀና ብላ አየቻትና የራሷን ሥራ መወልወሏን ቀጠለች።

ሸዋ በር አጠገብ ባለው የዋፊቃ አባት የአናጢነት ሱቅ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ጀጎል ውስጥ ከፈረሰ ቤት የተገኘ አሮጌ በር ነበር፤ አባቷ አቶ አንዋር ለሁለት ሰንጥቀው ሰጧቸውና ሁለቱም የየራሳቸውን ታጣፊ የቁርኣን ማስቀመጫ ሠሩበት። ነገ ከሰዓት መምህራቸው ለትምህርት ቤቱ ትርኢት ከክፍላቸው አንድ ሥራ ይመርጣሉ። አንድ ብቻ።

ናፊያ የዋፊቃ አጎት ልጅ ናት። አምና ከሶፊ ለትምህርት መጥታ እነዋፊቃ ቤት ገባች። ዋፊቃ አልጋዋን አካፈለቻት፣ መላጊያዋንም አዋሰቻት፤ ይህ አልከበዳትም። የከበዳት አባቷ የናፊያን ሥራ መጋጠሚያ በጣታቸው ዳብሰው «ማሻ አላህ፣ የዚህችስ ልጅ እጅ ለብቻው ነው» ያሉ ዕለት ነው። የዋፊቃን አይተው «ጥሩ ነው» ብቻ አሉ። ከዚያ ወዲህ የናፊያ ሳቅ፣ የሻሽ አስተሳሰሯ ሳይቀር ያበሽቃት ጀመር።

ሰኞ ዕለት ዋፊቃ ከበሩ በተረፈ ቁራጭ ላይ ቫርኒሽ ሞክራ ነበር። በማግስቱ ስትነካው ጣቷ ላይ ተለጠፈ። አባቷ ሌላ ቁራጭ ልገው አፍንጫዋ ሥር ያዙላት።

«አሽቺው። አሮጌ ቆዳ አይሸትም? ሲዳስሱትም ቅባት ቅባት ይላል። ቲክ የሚባል እንጨት ነው። ውስጡ ያለው ዘይት ቫርኒሹን አያስደርቀውም። በቲነር በራሰ ጨርቅ ጥረጊውና ዘይቱ ተመልሶ ሳይወጣ ወዲያው ቀቢ። ለናፊያም ንገሪያት።»

«እሺ፣ አባ» አለች። አልነገረቻትም።

አሁን ናፊያ አንዱን ክንፍ ቀባች። እንጨቱ ማር መሰለ። ዋፊቃ ቀናች፤ ቢሆንም ነገ መምህሩ ሲነኩት የሚሆነውን እያሰበች ቁጭ አለች።

«ከትርኢቱ በኋላ ለእማዬ ነው የምልከው» አለች ናፊያ ብሩሹን እየነከረች። «ቁርኣኗን ካርቶን ላይ እኮ ነው የምታስቀምጠው።»

ዋፊቃ የቁርኣኑ ሽፋን ከቫርኒሹ ጋር ተጣብቆ ሲላቀቅ ታያት።

«አቁሚ» አለች። «አይደርቅም። እንጨቱ ዘይት አለው፣ መጀመሪያ በቲነር ይጠረጋል።»

ናፊያ እጇ አየር ላይ ቀረ። «መቼ አወቅሽ?»

«ማክሰኞ።»

ናፊያ ብሩሹን ቆርቆሮው አፍ ላይ አጋደመችው። አልተቆጣችም፣ አልተሳደበችም። ብትሳደብ ለዋፊቃ ይሻላት ነበር።

ዋፊቃ ለራሷ ሥራ ያስቀመጠችውን ቲነር ከመደርደሪያው አወረደች። የጠርሙሱን ግማሽ አይሞላም፤ የቀለም መሸጫውም ዛሬ ዝግ ነው። ጨርቅ አርሳ እርጥቡን ቫርኒሽ ማንሳት ጀመረች። ቅናቱ አልለቀቃትም። መጋጠሚያው ላይ ስትደርስ ጣቷ ምንም ክፍተት አላገኘም፤ በእርግጥም የናፊያ እጅ ለብቻው ነበር። ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ሲሞላ ገልብጣ እንደገና ጠረገች፣ ሁለተኛውንም ክንፍ ጨረሰች።

ናፊያ ባዶውን ጠርሙስ አየች።

«ያንቺስ?»

«ሳይቀባ ይቅረብ» አለች ዋፊቃ፣ ብሩሹንም አነሳችና አቀበለቻት። «አሁኑኑ ቀቢ፣ ዘይቱ ሳይመለስ።»