የድሩብ ስልቻ

በሰርዴና መንግሥት፣ በመኸር በዓል ዕለት፣ ንጉሥ ዘወርቀል በስንዴው ማሳ መካከል ሲያልፉ ነጭ ካባቸው እስከ ጉልበታቸው ቀላ። ሕዝቡ ደም መስሎት ጮኸ። ደም ግን አልነበረም፤ ከስንዴው ቅጠል የሚራገፍ ቀይ ዱቄት ነበር። በሦስተኛው ቀን የአገሩ ሰብል ሁሉ እንደ አሮጌ ማረሻ ዝጎ ወደቀ።

ዋግሞ የሚባለው አውሬ መጥቶ ነበር። ዋግሞ ዓይን የለውም፤ የሚመራው አፍንጫው ነው፤ ቀይ እስትንፋሱ የነካው ሰብል አይተርፍም። በጥንቱ ዘመን አንዱን ማሳ ቢያጠፋ ሌላው ያመልጠው ነበር፤ ስንዴው ጥቁር፣ ቀይ፣ ጠማማ፣ ጢማም፣ ሺህ ዓይነት ነበርና። የንጉሡ አባት ግን «መንግሥቴ አንድ፣ ዳቦዬም ነጭ ይሁን» ብለው አወጁ። ከዚያ ወዲህ አርባ ለቃሚዎች በቤተ መንግሥቱ ደጅ ሰፌድ ይዘው ተቀመጡ፤ ከነጭ የተለየችውን ፍሬ ሁሉ እየለቀሙ እሳት ውስጥ ጣሉ። መቼም ሰው የገዛ ጎተራውን በገዛ እጁ ሲያራቁት እንዲህ ተግቶ አያውቅም።

ከአርባዎቹ ፈጣኗ ማርዳ ነበረች። ከስምንት ዓመቷ ጀምራ ስትለቅም ኖራ ጣቶቿ ዕረፍት የሚባል ነገር ረስተዋል፤ ስታወራም ይንቀሳቀሳሉ፣ ስትተኛም ይንቀሳቀሳሉ። አሁን የሚለቀም ጠፋ። የሦስት ዓመት ልጇ የሙጬ አንገት ቀጠነ፤ ቀጥሎም ማልቀስ ተወች። ማርዳን ከለቅሶው ይልቅ ዝምታው አስፈራት።

ንጉሡ ጉባኤ ጠሩ። ሽማግሌው ባላምባራስ ድሩብ ከፊታቸው ተንበረከከ።

«ጃንሆይ፣ የአገሩ ቤት ሁሉ አንድ ቁልፍ ካለው ሌባ ሁለተኛ አይፈልግም። ዋግሞ የአንድ ስንዴ ሽታ ተማረና አገሩን ሁሉ በላ። ዝንጉርጉሩን ዘር በአባትዎ ትእዛዝ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። የተረፈው በዝሖር ተራራ፣ በወፏ በኅብራ ጎተራ ነው። ዝናቡ ሳይጥል ላምጣው፤ አለዚያም መንገድ ላይ ልሙት!»

«ዘር የሚያውቅ ሰው ያስፈልግሃል» አሉ ንጉሡ።

ማርዳ ሳትጠራ ተነሣች። «እኔ እሄዳለሁ! ቁጭ ብዬ የልጄን አንገት ከማይ፣ መንገድ ይብላኝ!»

ሙጬን ለእኅቷ ሰጥታ ወጣች። የአመድ በረሃውን አቋረጡ፣ በአዞ የተሞላውን የሙርቃን ወንዝ በገመድ ተሻገሩ፣ በቅሏቸው ገደል ገባች። ማርዳ ሁልጊዜ ከፊት ነበረች፤ ሲያርፉ እንኳ ቆማ ነው የምታርፈው።

«ልጄ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላታል ድሩብ።

«ሙጬ አትጠብቀኝማ፣ ጋሼ!»

በሃያኛው ቀን ኅብራን አገኟት። ኅብራ ክንፏ ተራራውን የሚያጠላ ወፍ ናት፤ ከላባዎቿ ሁለቱ እንኳ አይመሳሰሉም። ድሩብን አየችውና «አቃጣዩ መጣ» አለች። እሱም አንገቱን ደፋ። ወፏም ከጎተራው አንድ አቁማዳ አወጣች።

«ዋጋ አልጠይቅም። ማሉልኝ! ከዚህ ዘር አንዲት ፍሬ ላትበሉ፣ አንዲት ፍሬ ላትጥሉ!»

«ብንበላ አፈር ያስበላን! ብንጥል መሬት ትጣለን!» ብለው ማሉ።

ሲመለሱ ስንቃቸው አለቀ። ማርዳ አቁማዳውን ተሸክማ ትገሰግሳለች፤ ባረፉ ቁጥር አፉን ፈትታ እጇን ትከታለች፣ ዘሩን ትዳብሳለች፣ ዓይኗ ግን መንገዱ ላይ ነው። ድሩብ ከቀን ወደ ቀን ወደ ኋላ ቀረ።

«ጋሼ፣ ምን ያጎነብስዎታል? ቶሎ ይበሉ እንጂ!»

«ጀርባዬ ነው፣ ልጄ።»

የቤተ መንግሥቱ ጣሪያ በታየበት ኮረብታ ላይ ሽማግሌው ተዘረረ። ከብብቱ አንዲት ስልቻ አውጥቶ ሰጣት። ፈታችው። ጥቁር፣ ቀይ፣ ጠማማና ጭርምት ስንዴ ሞልቶበታል።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ከመንገድ። ባረፍሽ ቁጥር ጣቶችሽ ይለቅማሉ። አንቺ ስትጥይ እኔ ሳነሣ መጣሁ። በመጀመሪያው ቀን ‹አትልቀሚ› ብዬሽ እሺ ብለሽኝ ነበር፤ ጣቶችሽ ግን አልሰሙም።»

ማርዳ አቁማዳዋን ገለበጠች። የቀረው ዘር ከሞላ ጎደል ነጭ ነበር። በገዛ እጇ፣ እየሮጠች፣ ዋግሞ የበላውን ያንኑ ነጭ ስንዴ መልሳ ሠርታው ነበር።

«አቁማዳውን ለምን አልነጠቁኝም?»

«እኔ መሸከሚያ ጉልበት አልነበረኝም። ደግሞስ እኔ ያቃጠልኩትን ከእኔ ሌላ ማን ያንሣው?»

«ይህን ሁሉ ይዘው እንዴት በረሃብ...»

«ሆድ ባዶ ይጠላል ይላሉ» አለና ፈገግ አለ፤ «የእኔ ግን ለመደው።» እዚያው ነፍሱ ወጣች። ማርዳ እጆቿን ከድንጋይ ጋር እየመታች አለቀሰች፤ እንደዚያ ቀን ራሷን ጠልታ አታውቅም።

ሁለቱንም ዘር ቀላቅላ ዘራችው፤ ዝናቡም በማግስቱ ጣለ። ስንዴው እስኪያሸት ሕዝቡ ሥራ ሥር እየበላ ቆየ። ከዚያ ዋግሞ ተመልሶ መጣ። ማርዳ በማሳው ዳር ቆማ ጠበቀችው። አውሬው አሽትቶ ተነፈሰ፤ ነጩ ስንዴ በቁም ዛገ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ጥቁሩ ዘንድ ደረሰ፤ አሸተተ፣ አላወቀውም። ወደ ቀዩ ዞረ፣ ወደ ጠማማው ተመለሰ። ሽታው ተምታታበት፤ በማሳው መካከል እየዞረ ሦስት ቀን ተራበና ወድቆ ሞተ። የድሩብ ስንዴ በዙሪያው ቆሞ ነበር።

በአውድማው ላይ ንጉሡ ደስ ብሏቸው መጡ።

«ማርዳ፣ ከዚህ ምርጡን ለቅመሽ ስጪኝ። ለከርሞ እሱን ብቻ እንዘራለን!»

ማርዳ በክምሩና በንጉሡ መካከል ቆመች።

«ጃንሆይ፣ ይህ ሁሉ ድሩብ ነው» አለች። «ከድሩብ የሚጣል የለም።»

ንጉሡ ካባቸውን አዩ፤ ቅላቱ አልለቀቀም ነበር። «እንዳለው ይዘራ» አሉ።

ማርዳ ወደ ክምሩ ዞር ስትል የቀኝ እጇን ጣቶች አንዲት ጠማማ ፍሬ ይዘው አገኘቻቸው። መቼ እንዳነሷት አታውቅም።

«ሙጬ፣ ነይ እጄን ያዥልኝ» አለች።

ልጅቷ ሮጣ መጥታ በሁለት እጆቿ ያዘቻት፤ ፍሬዋም ወደ ክምሩ ተመልሳ ወደቀች።