የአሸዋማው መሬት ዘር

ወጣቱ የቤተ ሙከራ ባለሙያ ሽንኩርት ከትፎ ሳያነባ የቀረው በዚያ ቀን ብቻ ነበር። የዘር ሻጩ ልጅ የአባቷን ምርት ለማስመርመር ይዛ የመጣች ዕለት ነው። አሸተተና ቀና ብሎ አያት።

«ይህ ሽንኩርት ነው ወይስ ፖም?»

«ቅመሰውና ፍረድ።»

ቀመሰ፤ ዐይኑን ግን ከእርሷ ላይ አላነሣም። ሽንኩርት የሚያቃጥለው ከአፈር በሚስበው ድኝ እንደ ሆነ፣ የአባቷ አሸዋማ መሬት ደግሞ ድኝ እንደሚያንሰው አስረዳት። ሲጨርስ እንደ አዲስ ጀመረላት። እንዳትሄድበት መሆኑ ገብቷት፣ እርሷም እንደ አዲስ ሰማችው።

ሊጋቡ በተስማሙ ጊዜ አባቱ ያንኑ ዘር ገዝተው በሰፊው ጥቁር መሬታቸው ላይ ዘሩ። «አፈራችን ድኝ የበዛበት ነው» ብሎ ለእርሷ ነግሯት ነበር፤ ለአባቱ መናገር ግን ከበደው። ለነጋዴዎች ጣፋጭ ሽንኩርት ቃል የገቡት አባት፣ ምርቱ ሲደርስ እጮኛይቱን ቤታቸው አስጠርተው በነጋዴዎቹ ፊት አንዱን ሰነጠቁት። የሁሉም ዐይን እንባ አቀረረ።

«አባትሽ ጉድ ሠሩኝ፣ ልጄ! የተቀላቀለ ዘር ነው የሸጡልኝ።»

«ኧረ አባባ፣ ዘሩስ ያው ነው፤ የለወጠው አፈሩ ነው።» ወደ ወጣቱ ዞረች። «ንገራቸው እንጂ!»

ወጣቱ አባቱን አየ፤ ነጋዴዎቹን አየ። እርሷን አላየም።

«ከዘሩ... ሊሆን ይችላል» አለ።

የባለሙያ ቃል ነውና ወሬው ገበያውን ለማዳረስ አልዘገየም። የወጣቱ አባትም ጋብቻውን ከለከሉ። በተከታዩ ወቅት የአባቷን ደጅ የረገጠ ገዢ አልነበረም። ሽማግሌው ዘራቸውን በመዳፋቸው እያገላበጡ፣ «እውነትም ተቀላቅሎብኝ ይሆን?» ይሏት ጀመር። የእጮኛዋ ቃል መሆኑን ሰው ቢነግራቸው ግን፣ «ያ ልጅ? በጭራሽ አይለውም!» ብለው ተቆጡ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወጣቱ እያለከለከ መጣ። ፊቱ በርቷል።

«አባቴን አሳመንኩት! መጋባት እንችላለን። አንዲት ነገር ብቻ ነው የጠየቀኝ... አባትሽ ሠርጉ ላይ ባይገኙ ይሻላል ብሏል። ሰው እንዳያማን ነው እንጂ ለክፋት አይደለም።»

ትክ ብላ አየችው። ቢያስመስል ኖሮ ይቀላት ነበር፤ ደስታው ግን እውነተኛ ነበር። እርሷም አሁንም ትወደዋለች።

«ግባና አንተው ንገራቸው» አለችው፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ።

ድምፁን የሰሙት ሽማግሌ ከውስጥ ተጣሩ።

«ልጄ፣ አንተ ነህ? ግባ እንጂ! እስቲ ዘሬን መርምርልኝ፤ ከአንተ ሌላ ማንን አምናለሁ?»

ወጣቱ እግሩን አነሣ፤ ወደ ኋላ።