ከምራቁ በፊት የቀረበው ሻይ

ወይዘሪት ሜርል ሃድሪል እሑድ ከምሳ በኋላ በመስታወት በታጠረው በረንዳቸው ላይ፣ ብርድ ልብሳቸው ከጉልበታቸው ተንሸራትቶ፣ ሞተው ተገኙ። ከአጠገባቸው እስከ አተላው የተጠጣ የሻይ ስኒ ነበር። የቤተሰቡ ሐኪም የአሮጊቷ ልብ ጤነኛ እንደነበር ስለሚያውቅ የሞት ምስክር ወረቀቱን አልፈርምም አለ፤ ከሆባርት ከተማ የመጣው የላቦራቶሪ ውጤትም ጥርጣሬውን አረጋገጠ። በስኒው አተላም ሆነ በደማቸው ውስጥ ተፈጭቶ የተጨመረ የልብ ኪኒን ተገኝቷል።

መርማሪ ሳጅን ብሮንዊን ቴይት በክረምቱ ዝናብ የላቆጠውን የሁዮን ሸለቆ መንገድ አልፋ ከሃድሪሎች የፖም እርሻ ስትደርስ፣ በር ላይ የጠበቃት ሰላምታ ሳይሆን ክስ ነበር።

«የሚፈልጓት ሴት ማድ ቤት ተቀምጣለች» አለች ደኒስ፣ የሟቿ የወንድም ልጅ። «ሻዩን ያፈላችው እሷ ናት። ይዘዋት ይሂዱልንና እርማችንን እናውጣ።»

ደኒስ ሃድሪል የቤተሰቡ የዘር ሐረግ ጠባቂ ነበረች። በኢንተርኔት ላይ የዘረጋችው ሐረግ ከእንግሊዝ ወደ አውስትራሊያ እስረኛ ጭኖ ከመጣው መርከብ ይጀምርና ትናንት እስከተወለደው ሕፃን ድረስ ይወርዳል። የዘመዶቿን ሁሉ ምራቅ በብልቃጥ ተቀብላ ለዲኤንኤ ምርመራ የምትልከውም፣ የሁሉንም የይለፍ ቃል የያዘችውም እሷው ነበረች። በዚያ ቤት ማን ዘመድ እንደሆነና ማን እንዳልሆነ የሚሰማው ከደኒስ አፍ ብቻ ነው።

ማድ ቤት ውስጥ የተቀመጠችው ታምሲን ኦር ኮቷን አላወለቀችም፤ «አውልቂ» ያላትም ሰው አልነበረም።

«በማደጎ ነው ያደግሁት» አለች። «ምርመራዬ ከደኒስና ከወንድሟ ከክላይቭ ጋር የአክስት ወይም የአጎት ልጅ እንደምሆን አሳየ። ስለዚህ ወይ የሜርል ልጅ ነኝ፣ ወይ የሌላው ሟች ወንድማቸው የሮይ። ደኒስ ‹ያ ሰካራም ጥሎሽ የሄደ ዲቃላ ነሽ› ብላ በሐረጉ ላይ በእሱ ሥር ጻፈችኝ። እናቴ ይሁኑ አክስቴ የሚለየው የሜርል ምራቅ ነበር። ዓመት ሙሉ እምቢ አሉ። ባለፈው ሳምንት ግን ራሳቸው ደውለው ‹እሑድ ነይ፣ እተፋልሻለሁ› አሉኝ።» ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«እናትዎ ሆነው ቢገኙስ ምን ይፈልጉ ነበር? ቤቱን?»

«አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ። ከመስጠትዎ በፊት ስም አውጥተውልኝ ነበር ወይ? ይህችን ብቻ።»

«ሻዩስ?»

«ከምሳ እንደተነሣን እኔ ነኝ ያፈላሁት። ምራቁን ማታ የሚሰጡ መስሎኝ ነበር። ስኒውን አስቀምጬ ስወጣ ደኒስ የብልቃጡን ሳጥን ይዛ ስትገባ ተላለፍን። ከዚያ ክላይቭ እየነዳ ወደ ዛፎቹ ወሰደኝ። አዎ፣ እንደ ከብት።»

ክላይቭ እርሻውን የሚያስተዳድር፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር፤ ስድብ ግን አይቆጥብም።

«ጠብቄያታለሁ» አለ መጋዙን እየጠረገ። «ዓይኗ የብር ማንኪያ የሚቆጥር ይመስላል።»

«ወሰዱ?»

«አልወሰደችም። ቅርንጫፍ ከየት ላይ እንደሚቆረጥ ጠየቀችኝ፤ ደግሞም በደንብ ቆረጠች። ይህም ያናድዳል።»

«ኪኒኖቹ የእርስዎ ናቸው።»

«የእኔ ናቸው። ማድ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ እጅ ያለው ሁሉ ይደርስባቸዋል። ስሜ በተጻፈበት መድኃኒት ሰው የምገድል ጅል እመስላለሁ እንዴ፣ ሳጅን? ተዉት፣ አይመልሱልኝ።»

«ከምሳ በኋላ አክስትዎን አይተዋቸዋል?»

«በመስታወቱ በኩል። ብዙ ዛፍ ከገረዝን በኋላ መሰላል ልንወስድ ወደ ቤቱ ተጠግተን ነበር። አክስቴ ብልቃጡ ውስጥ ትተፋለች፤ ደኒስ አጠገቧ ቆማለች። አክስቴ ስታየኝ ምላሷን አወጣችብኝ። በሰባ ስምንት ዓመቷ! እኔም ሳቅሁ። ደኒስ ግን በምራቅ ቀልድ አታውቅም። ባለፈው ዓመት ማስቲካ ሳኝክ አግኝታኝ ብልቃጡን ከእጄ ነጥቃ ‹ግማሽ ሰዓት ሙሉ አፍህን ምንም አይነካውም› ብላ እንደ ዘበኛ በር ላይ ቆመችብኝ።»

«ታምሲንስ?»

«ደኒስ ‹ሞታለች› ብላ እስክትጮህ ድረስ ከዓይኔ አልጠፋችም። ብትጠፋ ደስ ባለኝ።»

ብሮንዊን በረንዳው ላይ ብዙ ቆመች። ከሟቿ ወንበር በስተቀኝ ፈርን የሚባል ቅጠላማ ተክል የተተከለበት ትልቅ ማሰሮ ነበር፤ አፈሩ ላይ የደረቀ የወተት ስልባቦት ተጋግሮበታል። ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው።

«ይህን ተክል ማነው ሻይ የሚያጠጣው?»

«አክስቴ ናት» አለ ክላይቭ ከበሩ ላይ። «ሻይዋ ከቀዘቀዘ ብትሞት አትቀምሰውም...» የተናገረው ለራሱ ጆሮ ከበደውና አንገቱን ደፋ። «አፈሩን እንኳ ገና እሑድ ጠዋት ነበር የቀየርኩላት።»

ብሮንዊን ከአፈሩ ዘግና በከረጢት አሰረች።

ደኒስ ኮምፒዩተሯ ፊት ተቀምጣ ነበር የጠበቀቻት። «ስገባ ስኒው ባዶ ነበር» አለች፣ ፊቷን ከኮምፒዩተሩ ሳትመልስ። «ትኩሱን ግጥም አድርጋ ጨርሳዋለች። ከዚያ ምራቋን ተቀበልኳት። ደከመኝ አለች፤ እንድትተኛ ተውኳት።»

«ስኒውን ሌላ ሰው አልነካውም?»

«ማን ይነካዋል? ቤት ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ።»

ብሮንዊን የምራቁን ብልቃጥ ተቀብላ፣ አመስግና ወጣች። ወደዚያ ቤት የተመለሰችው የአፈሩና የብልቃጡ ምርመራ ሲጠናቀቅ ነው። ሦስቱንም በምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ደኒስ ከታምሲን ጋር ላለመጎራበት ወንበሯን እስከ ግድግዳው ጎተተች።

«ሰው እንዳልገደለች ሁሉ አብራን ትቀመጥ ደግሞ!»

«ገደሉ ብለን የተነሣነው አንድ ነገር አምነን ነው» አለች ብሮንዊን። «ወይዘሪት ሜርል የጠጡት ታምሲን ያፈሉትን ሻይ ነው ብለን። ደኒስ፣ ሻዩ የተጠጣው ከምራቁ በፊት ነው ብለውኛል።»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ከሻዩ በኋላ ግማሽ ሰዓቱን ጠበቁ ወይስ አልጠበቁም?»

ደኒስ አመነታች፤ ኩራቷ ግን ቀደማት። «ጠብቄያለሁ እንጂ! እኔ የቆሸሸ ናሙና አልቀበልም።»

«አምንዎታለሁ። ላቦራቶሪውም የብልቃጡን ምራቅ ንጹሕ ነው ብሎታል፤ ሻይም፣ ወተትም፣ መድኃኒትም አልተገኘበትም። ነገር ግን ሐኪሙ እንደሚለው፣ ያን ያህል ኪኒን የጠጡ አሮጊት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ራሳቸውን መያዝ ያቅታቸዋል። ክላይቭ፣ ሲተፉ ያዩአቸው ጊዜ እንዴት ነበሩ?»

«ቀጥ ብላ ተቀምጣ ምላሷን አወጣችብኝ አልኩዎት እኮ።»

«ስለዚህ መርዙ ገና አልገባባቸውም ነበር። ወይዘሪት ሜርል ምራቃቸውን እስኪሰጡ ድረስ ምንም አልጠጡም፤ ደኒስ አላስቀመሷቸውም። ያ ሁሉ ጊዜ ሲያልፍ የታምሲን ሻይ ቀዘቀዘ። ቀዝቃዛ ሻይ ደግሞ ለማሰሮው ነው የሚደፋው። እሑድ ጠዋት የተቀየረው አፈር ተመርምሯል። ሻይ አለው፣ ወተት አለው፤ የኪኒን ምልክት ግን የለውም።»

ታምሲን እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«እና ስኒው ውስጥ የተገኘው?» አለ ክላይቭ።

«ሁለተኛ ሻይ ነው፤ ከምራቁ በኋላ በዚያው ስኒ የተቀዳ። በዚያን ጊዜ ታምሲን ከእርስዎ ጋር መሰላል ተሸክመው ነበር፤ እርስዎም ከእሳቸው ጋር። ቤት ውስጥ የነበሩት፣ ‹እኔ ብቻ ነበርኩ› ያሉኝ ሰው ናቸው።»

«ደኒስ» አለ ክላይቭ በዝግታ፤ «አይደለሁም በይኝ።»

ደኒስ የተመለከተችው ወንድሟን ሳይሆን መርማሪዋን ነበር።

«ዱቄቱን ታምሲን ባፈሉት ሻይ ውስጥ ቢጨምሩት ኖሮ እኔ ዛሬ የማስረው ሌላ ሰው ነበር» ስትል ቀጠለች ብሮንዊን። «ስኒው ትኩስ ሆኖ ከፊትዎ ነበር። ለምን ግማሽ ሰዓት ጠበቁ?»

«የመጨረሻዋ ነበረቻ!» ጮኸች ደኒስ። «ከትልልቆቹ የቀረች የመጨረሻዋ! ምራቋ አብሯት ይቀበር? ዕድሜዬን የጨረስኩበት ሐረግ ለዘላለም ጎዶሎ ይቅር?» ጣቷን ወደ ታምሲን ቀሰረች። «ዓርብ ዕለት ጠርታ ‹ልጄ ናት፤ ቤቱንም እርሻውንም ለእሷ አደርጋለሁ› አለችኝ። ምርመራ አላስፈለጋትም፤ ታውቅ ነበር! ያስታመምኳት እኔ! ሙታኗን ሁሉ ከየመቃብሩ ፈልጌ ያገናኘኋት እኔ! ትናንት በምራቅ የመጣች ናት የምትወርስብኝ?»

ብሮንዊን ተነሥታ ካቴናውን አወጣች።

«ሌላም ነገር ነግረውሽ ነበር?» አለች ታምሲን። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ስም... ስም አውጥተውልኝ ነበር?»

ደኒስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«አውጥታልሽ ነበር። ነግራኛለች። ለአንቺ ግን እስክሞት አልነግርሽም።»

ክላይቭ ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ። «ተናገሪ! አንቺ እባብ፣ ተናገሪ!» ብሮንዊን በደረቷ ከለከለችው።

ታምሲን ግን ተነሥታ ደኒስ ፊት ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ አልጠረገችውም።

«ያዢው» አለች። «ከሐረግሽ ልታስወጪኝ ብለሽ ገደልሻት። አሁን አክስትሽ ለልጇ ያወጣችውን ስም ተሸክመሽ እስር ቤት የምትገቢው አንቺ ነሽ። እኔ ያለሱ አርባ ዓመት ኖሬያለሁ፤ እችለዋለሁ።»

ብሮንዊን የደኒስን ክንድ ይዛ ወደ ዝናቡ አወጣቻት።

ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ክላይቭ የገለበጠውን ወንበር አነሣ፤ መልሶም ቦታው ላይ አደላደለው።

«እናትሽ ቅዳሜ ነው የምትቀበረው» አለ ፊቱን ሳያዞር። «ከፊት፣ ከቤተሰቡ ወንበር ነው የምትቀመጪው። ስለወደድኩሽ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች ታምሲን፤ ኮቷንም አወለቀች።