የውሸቱ ታካሚ ሞት

መርማሪዋ ገና ልጅ ሳለች ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቃ የሰማችው ወሬ ነው። አክስቷ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ተቀምጣለች። ጎረቤቲቱ የአንድ ጠብ ታሪክ ታወራለች፤ ማን ማንን እንደ ሰደበ፣ የቱ ብርጭቆ እንደ ተሰበረ፣ ማን ቀድሞ እንዳለቀሰ፣ አንዲት ነገር ሳታስቀር። አክስቷ ሁሉንም ጸጥ ብላ ሰማችና «በሩን ግን ማን ከፈተላት?» አለች። ጎረቤቲቱ ዝም አለች። ጠቡ የማን እንደ ነበረ፣ በሩስ የየትኛው ቤት እንደ ነበረ፣ ዛሬ ከመርማሪዋ ልብ ጠፍቷል። ያቺ ዝምታ ግን አልጠፋችም። ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላ፣ ባልደረቦቿ «እትዬ ጆሮ» የሚል ስም ካወጡላትም በኋላ፣ ሰው ፊቷ ተቀምጦ ሲተርክ የምትጠብቀው ያንን ያልተነገረ በር ነው።

ወደ ሥነ ልቦና ማሠልጠኛው የተጠራችው ከሰዓት በኋላ ነበር። ሬሳው ያለው በጠባቧ የልምምድ ክፍል ውስጥ ነው። ትንሽ ሰያፍ ብለው የተቀመጡ ሁለት ወንበሮች፣ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ ለሚያለቅስ የተዘጋጀ ሶፍት፣ ጠያቂው እያየው ተጠያቂው በማያየው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰዓት። በአንደኛው ግድግዳ ሰፊ መስተዋት አለ፤ ከወዲህ መስተዋት፣ ከወዲያ መስኮት። ሟቹ ክርኑ የተቀደደ፣ የእሱ የማይመስል ኮት ለብሶ ወንበሩ ላይ ዘንበል ብሏል። ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ የተቀመጠ መነጽር፣ አጠገቡ ቀያይ የከረሜላ መጠቅለያዎች። ወለሉ ላይ ተመጥጦ ያላለቀ አንድ ከረሜላ።

«ስኳሩ ወርዶ ነው» አለ ሐኪሙ። «የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ ኢንሱሊኑን ወግቷል፣ ምሳ አልበላም። ልቡም ደካማ ስለ ነበር አልቻለም።»

«ከረሜላ ሲበላ ነበር እኮ።»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው።»

ሟቹ የማሠልጠኛው ዋና መምህር ነበር፤ ታካሚን እንዴት ማናገር እንደሚገባ ለከፍተኛ ሠልጣኞች ያስተምራል። ያስተምራል ከማለት ይፈጫል ማለት ይቀላል። ሠልጣኞቹ «ወፍጮው» የሚሉት እሱ ዘንድ ሙሉ ሆኖ ገብቶ ሙሉ ሆኖ የወጣ ስለሌለ ነው። ያንን ኮት ደርቦ ራሱ ታካሚ ይሆናል፤ አንዱ ሠልጣኝ ይጠይቀዋል፣ የቀሩት ከመስተዋቱ ጀርባ ሆነው ያያሉ። ዛሬ የጠየቀችው አንዲት ወጣት ሠልጣኝ ናት። ከመስተዋቱ ጀርባ የነበሩት ምክትል መምህሩና አንድ ወፍራም ሠልጣኝ ብቻ ናቸው። የመምህሩ ሚስት ተጠርታ መጥታ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች።

መርማሪዋ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ምክትሉ ቢሮ ነው።

«ይገባኛል» አላት ገና ሳትቀመጥ።

«ምኑ?»

«የሥራዎ ክብደት። ይህን ሁሉ ሐዘን ተሸክሞ መዋል…» ብሎ አንገቱን ዘመም አደረገ። አንገት ማዝመም መስማት የሚመስለው ሰው ነበር፤ ሠልጣኞቹም «አቶ ይገባኛል» ብለውታል። ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ መጠቅለያ ያላቸው ከረሜላዎች የሞሉበት ሳህን አለ። ወደ እሷ ገፋው። «ይውሰዱ። ስኳር የለውም፤ እኔ ከዚህ ሌላ ጣፋጭ አፌ አላስገባም።»

በሥራ ላይ ምንም አትቀምስም። አንዱን አንሥታ ኪሷ ከተተችው።

«ያዩትን ይንገሩኝ።»

«ታካሚው መጀመሪያ ራሱን የመከላከል ጠባይ አሳየ፤ ቀጥሎ ሥር የሰደደ ስጋት…»

«ያሰቡትን ለራስዎ ያስቀምጡልኝ። ያዩትን።»

ቅር አለው፤ ግን ነገራት። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። እጁ ተንቀጠቀጠ። ከኮቱ ኪስ ከረሜላ አወጣ፣ በላ፤ ሌላ አወጣ፣ በላ። ጠያቂዋን ትክ ብሎ አያት። ዝም አለ። አንገቱ ወደቀ። ምክትሉ ነገሩን በቃሉ ያጠናው ይመስል ነበር።

አመስግናው ስትወጣ በልቧ «ጌታ ሆይ፣ ንቀቴን ያዝልኝ» አለች። የሌላውን ሐዘን እንደ ክራቫቱ የሚያስተካክል ሰው ስታይ ንቀት ቶሎ ይይዛታል፤ ኃጢአቷ መሆኑንም ታውቃለች።

ኮሪደሩ ላይ ያለችው ሚስት አላለቀሰችም። «ከረሜላውን የምገዛው እኔ ነኝ፤ ቀዩን። ትናንት ራሴ መጥቼ የዚያን ቡትቶ ኮት ኪስ ሞላሁለት። እዚህ ኮሪደር ላይ ነው የሚሰቀለው።»

«ማንም ይደርስበታላ።»

«ማንም።» ከዚያ የመርማሪዋን እጅ ያዘች። «እህቴ፣ ያቺን ልጅ ይለምኑልኝ። በመጨረሻ ምን ይመስል እንደ ነበር ትንገረኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ስጠይቃት ጥላኝ ሮጠች።»

ልጅቷ ደረጃው ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለች ቀና ሳትል።

«በምን?»

«በዝምታ። ‹ታካሚ ዝም ሲል በወሬ አትሙሉበት፣ ታገሡት› ይሉናል። ዝም አሉ፤ ዝም አልኩ። ዛሬስ ወፍጮው አይፈጨኝም ብዬ ኮርቼ ተቀመጥኩ። ለካ እየሞቱ ነው።»

«መነጽሩስ?»

ልጅቷ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «ምልክታችን ነው። ታካሚ የሚሆነው ሰው መነጽሩን አውልቆ ከገለበጠው ጨዋታው አበቃ፣ እውነቴን ነው አሞኛል ማለት ነው። ሁላችንም እናውቃለን። ሲያወልቁ አየሁ።»

«ለምን አላቆምሽም ታዲያ?»

«ተምታታብኝ።»

«ተምታቶብሻል ያለሽ ማን ነው?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። «ማንም። ነገ ጠዋት የማሠልጠኛው ኮሚቴ ያባርረኛል፤ ያባርረኝ። ሁለተኛ ሰው ፊት ተቀምጬ ‹ምን ሆኑ?› ብዬ አልጠይቅም።»

ወፍራሙን ሠልጣኝ ያገኘችው ከመስተዋቱ ጀርባ ባለው ክፍል ብስኩት ሲቆረጥም ነው።

«ዘመድህ አይደለ፣ ለምን ታዝናለህ አይደል?» አለችው።

«ዓምና በፈተና ጥሎኛል እኮ፣ እትዬ። ‹አንተ የምትሰማው በሆድህ ነው› ብሎኛል፣ ሰው ፊት። ሲያልበው ሳይ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።» ሌላ ብስኩት አወጣ። «ደግሞ ረኃብ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ምክትሉ ድንገተኛ ስብሰባ ብለው ወፍጮውንም እኔንም አስቀሩን። ወፍጮው መርፌውን ወግቶ ነበር፤ ‹ግድ የለም፣ ከረሜላዬ አለ› አለ።»

«መነጽሩን ሲያወልቅስ?»

«ልነሣ ብዬ ነበር።»

«አልተነሣህም።»

«አልተነሣሁም» አለና ጎረሰ።

የብስኩቱ ፍርፋሪ ከዚያ ክፍል እስከ ልምምድ ክፍሉ ድረስ ተንጠባጥቧል፤ ጉንዳኖች ተሰልፈውበታል። መርማሪዋ ብቻዋን ሆና ተንበርክካ አየቻቸው። ሰልፉ ወለሉ ላይ ወደ ወደቀው ከረሜላ ደረሰ፣ አሸተተው፣ እንደ ድንጋይ ዞሮት አለፈ። ኪሷን ዳሰሰች። ከምክትሉ ሳህን ያነሣችውን ከአረንጓዴ መጠቅለያው አውጥታ አጠገቡ አኖረችው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ጠበቀች፤ መጠበቅ ታውቅበታለች። አንድ ጉንዳን መጣ። ሄዶ ወገኖቹን ጠራ። ጥቂት ቆይቶ ከረሜላው በጉንዳን ብዛት ጠቆረ።

ሬሳው ከተነሣ በኋላ አራቱንም ወደ ልምምድ ክፍሉ ጠራቻቸው። ምክትሉ ሳይጠየቅ የመምህሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ሟቹ ስኳሩ ሲወርድ ታውቆታል» ብላ ጀመረች። «ያድነኛል ያለውን ከረሜላ ደጋግሞ በላ። ምንም አልረዳውም። ለምን? ከአፉ የወደቀውን ጉንዳን እንኳ አልነካውም፤ ስኳር የለውማ።»

«ቀዩ ስኳር አለው!» አለች ሚስቱ። «ዕድሜ ልኬን የገዛሁት ነው!»

«ቀዩማ አለው። ቀዩን መጠቅለያ የለበሰው ግን ሌላ ነው።» ከኪሷ አረንጓዴ መጠቅለያ አወጣች። «እዚህ ውስጥ የነበረው ደግሞ ስኳር የለውም ተብሎ የተጋበዝኩት ነው። ጉንዳን ወረረው። አንዱ የሌላውን ልብስ ለብሷል። ሳህኑን ወስደነዋል፣ ላቦራቶሪም ያየዋል።»

ሁሉም ወደ ምክትሉ ዞሩ።

«ይገባኛል፣ ደክሞዎታል» አለ ፈገግ ብሎ። «ሳህኔ የሚውለው ክፍት ቢሮ ውስጥ ነው። ማንም ገብቶ ሊቀያይረው ይችላል።»

«ይችላል። እንግዲያው ወደ በሩ እንሂድ።» ስለ የትኛው በር እንደምታወራ ማንም አልገባውም፤ አላብራራችም። «መነጽሩ ሲወልቅ ሦስታችሁም አይታችኋል። ልጅቷ ነገረችኝ። ይሄ ሠልጣኝም አልደበቀኝም። እርስዎ ላቡን ነገሩኝ፣ የእጁን መንቀጥቀጥ ነገሩኝ፣ የአንገቱን መውደቅ ነገሩኝ። በዚህ ቤት ከሁሉ በላይ የሚታወቀውን ምልክት ዘለሉት።»

«ዘንግቼው ነው።»

«ይሁን።» ወደ ወፍራሙ ሠልጣኝ ዞረች። «አንተ ልትነሣ ነበር። ማን አስቀመጠህ?»

ብስኩቱን ከእጁ አኖረ። «ምክትሉ ክንዴን ያዙኝ። ‹ቁጭ በል፤ መነጽር ማውለቅ የዛሬው ታካሚ ጠባይ ነው› አሉኝ። እኔም… ወፍጮው ሲጨነቅ ማየት ስለ ጣመኝ ቁጭ አልኩ።»

ልጅቷ ከወንበሯ ተነሣች። «እኔንም! ጠዋት እንደዚያው ብለውኛል! ከሞቱ በኋላ ግን ‹እንዲህ አላልኩሽም፤ ደንግጠሽ ተምታቶብሽ ነው፤ አይዞሽ፣ ለማንም አልናገርብሽም› አሉኝ። እኔ ደግሞ አመንኳቸው።»

«ምስኪን» አለ ምክትሉ አንገቱን አዝምሞ። «ይገባኛል…»

«አይገባህም!» ሚስትየው ጮኸች። «ባሌ ባለፈው ሳምንት ነግሮህ የለም? ‹አንተ ሰው አትሰማም፤ የመናገር ተራህን ነው የምትጠብቀው፤ ከእንግዲህ ሠልጣኝ አልሰጥህም› አላለህም? ቤት ገብቶ የነገረኝ እኮ እየሳቀ ነው!»

የምክትሉ አንገት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ለስላሳው ድምፅ ከየት መጣ የማይባል ሻካራ ሆነ። «እሱ ማን ሆኖ ነው የሚስቅብኝ? ሰውን ሁሉ እንደ ውሻ ሲያባርር የኖረ! የሰደባቸውን ስጠግን የኖርኩት እኔ ነኝ! ወንበሩ የሚገባው ለኔ ነው!»

«ተሳዳቢ ነበር፤ አላሞግሰውም» አለች መርማሪዋ። «መርፌውን እስኪወጋ ጠብቀው ምሳ ነሱት። መድኃኒቱን ባዶ አደረጉበት። አድኑኝ የሚልበትን ምልክት ከሁለት ልጆች ዓይን ሰረቁ፤ አንደኛዋን ደግሞ ገዳይ ነኝ ብላ እንድታምን አደረጓት። ሰው የገደለ ብዙ አይቻለሁ፣ ጌታዬ። የሰረቀውን ከረሜላ መጣል ሳስቶ ለመርማሪ የጋበዘ ግን አላየሁም።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ደፍ ላይ ቆም ብሎ ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር ሊጨምር ፈለገ። የሰማው አልነበረም።

ሚስትየው ወደ ኮሪደሩ ወጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ክፍሉ ውስጥ ቀረች፤ የጠያቂዋ ወንበር ላይ።

«አልተምታታብኝም» አለች።

«አልተምታታብሽም።»

«ግን ዝም ብያለሁ።»

«ብለሻል፣ ልጄ። እሱን ላቃልልሽ አልችልም፤ ከፈጣሪ ጋር ትነጋገሪበታለሽ። ደጅ ያሉት ሴትዮ ግን አንድ ነገር ነው የለመኑሽ፤ እሱንም ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«‹ስጋት ይታይባቸው ነበር› ልበላቸው?» አለችና ራሷ አፈረች። ተጠያቂው የሚቀመጥበትን ባዶ ወንበር ብዙ አየችው። «ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ነበር። የሆነ ነገር ሊነግሩኝ እንደ… አይ፣ ይሄ ያሰብኩት ነው። ጎንበስ ብለው ነበር። እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ተዘርግቶ።»

መርማሪዋ ሶፍቱን አቀረበችላት።

«ዝም ካሉኝስ?» አለች ልጅቷ።

«ያኔ እጃቸውን ያዢ።»

ልጅቷ መስተዋቱን ቀና ብላ አየችው፤ ከጀርባው የሚያይ ሰው አልነበረም። ፊቷን በሶፍቱ ጠረገችና ተነሣች።

«እሺ» አለች። «ሄጄ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። እነግራቸዋለሁ።»